የዝግተኛው ቲቢ ታሪክ

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ዘውድ በጫኑ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1882፣ እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከውጊያው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት ላይ፣ ሮበርት ኮክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ በተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቀ። የድሮ ስሟ መንቆረር በነበረው በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ በሽታው እንግዳ አልነበረም። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ ምድር እጅግ የቆየ፣ የራሱም የዘር ሐረግ ያለው መሆኑ የታወቀው ግን ከኮክ ንግግር 130 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በዚያው በኮክ ዘመን የተፈለሰፈው የማቅለም ዘዴ ዛሬም ከላብራቶሪ አልወጣም። አክታው በመስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል። ካርቦል ፉክሲን የሚባል ቀይ ቀለም ይፈስበትና እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ከሥሩ በእሳት ይሞቃል። ቀጥሎ አሲድና አልኮል ሲፈስበት ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ግድግዳው በሰም የተሞላ ስለሆነ ቀዩን ይዞ ይቀራል። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ባለሙያዋ ዓይኗን ከአጉሊ መነጽሩ ላይ ስታሳርፍ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ካየች የታካሚው ጉዳይ ተቆረጠ ማለት ነው።

ቀዮቹ ዘንጎች ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ። የጎጃም ገበሬ ማኛ ጤፍን ከሰርገኛ ለመለየት አንድ እፍኝ አንሥቶ ማየት ይበቃዋል፤ የቲቢን ዝርያ በአጉሊ መነጽር አይቶ የሚለይ ባለሙያ ግን የለም። ከየትኛው ዘር እንደመጣ፣ ፈጥኖ የሚራባ ይሁን ቀስ ብሎ፣ በዓይን አይታወቅም። ለመለየት ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

በ1905 ኤድዋርድ ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኒው ዮርክ ግዛት በሳራናክ ሌክ ይታከም ከነበረ የ19 ዓመት ወጣት ሳንባ የቲቢ ባክቴሪያ ወስዶ አራባ። ኤች 37 ተብሎ ተመዘገበ። ከእርሱ የተገኘው ኤች 37 አርቪ የሚባለው ዝርያ የዓለም ላብራቶሪዎች ሁሉ መነሻና ማነጻጸሪያ ሆነ። በ1998 የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብም የተነበበው የዚሁ ዝርያ ነው፤ 4.4 ሚሊዮን ፊደላትና ወደ 4,000 የሚጠጉ ጂኖች ተገኙበት። የሰው ልጅ ስለ ቲቢ ከሚያውቀው ብዙውን ያወቀው በአንድ የኒው ዮርክ ታካሚ ባክቴሪያ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ በደጋው ሰው ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሌላ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠየቀ ለረጅም ዘመን አልነበረምና።

ኋላ ጥያቄውን ለመመለስ ካገለገሉት መሣሪያዎች አንዱ ከሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት ካልነበረው ሥራ የተወለደ ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ጄ. ጄ. ቶምሰን ካምብሪጅ ውስጥ በኤሌክትሪክ የተሞሉ አተሞችን በማግኔት ኃይል እያጠማዘዘ እንደየክብደታቸው ለያየ። ረዳቱ ፍራንሲስ አስተን በ1919 መሣሪያውን አሻሽሎ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች እንኳ ክብደታቸው የተለያየ ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ በ1922ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይኸው ነው፦ ሞለኪውልን በኤሌክትሪክ ሞልቶ በአየር አልባ ቦታ በማስፈንጠር ክብደቱን ማወቅ።

ለሐምሳ ዓመት ያህል የኬሚስትና የፊዚክስ ሰዎች መሣሪያ ሆኖ ቆየ። በ1975 ጆን አንሃልትና ካተሪን ፌንስላው የደረቀ ባክቴሪያ እንዳለ መሣሪያው ውስጥ ጨምረው የተለያዩ ባክቴሪያዎች የተለያየ ምልክት እንደሚሰጡ አሳዩ። ሊመዝኑ የቻሉት ግን ጥቃቅኑን ሞለኪውል ብቻ ነበር። የባክቴሪያን ማንነት በደንብ የሚናገሩት ፕሮቲኖች ከባድና ተሰባሪ በመሆናቸው ወደ መሣሪያው ሳይደርሱ ይበታተናሉ።

መፍትሔው የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሁለት አቅጣጫ ነው። ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ፣ ጀርመኖቹ ሚካኤል ካራስና ፍራንዝ ሂለንካምፕም በበኩላቸው፣ ፕሮቲንን ከሌላ ቁስ ጋር ቀላቅሎ በሌዘር በመምታት ሳይሰበር ማስነሣት እንደሚቻል አረጋገጡ። አሜሪካዊው ጆን ፌን ደግሞ ፕሮቲን ያለበትን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጉም በመርጨት ከዚያው ግብ ደረሰ። ታናካና ፌን በ2002 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ካራስና ሂለንካምፕ ከሽልማቱ ውጭ መቅረታቸው ዛሬም ያነጋግራል፤ በየሆስፒታሉ የሚሠራበት ዘዴ በይበልጥ የእነርሱ ነውና።

የሌዘሩ ዘዴ ማልዲ ቶፍ ይባላል። አሠራሩን ላየው ሰው ቀላል ነው። ከበቀለው ባክቴሪያ ጥቂት በእንጨት ጫፍ ይነሣና በብረት ሳህን ላይ ባለች ትንሽ ክብ ላይ ይቀባል፤ ሌዘሩን የሚውጥ አሲድ ጠብ ይደረግበትና ይደርቃል። ሳህኑ ወደ መሣሪያው ገብቶ አየሩ ይመጠጣል። ሌዘሩ ሲመታው ፕሮቲኖቹ ተነሥተው በረጅም ቱቦ ውስጥ ይከንፋሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ተከትሎ ይደርሳል። መሣሪያው የደረሱበትን ጊዜ ቆጥሮ ክብደታቸውን ያሰላል፤ በኮምፒውተር ላይም እንደ ተራራ ሰንሰለት ያለ መስመር ይሠራል። ጫፎቹ በአብዛኛው ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበት የራይቦዞም ክፍሎች ናቸው፤ በየዝርያው ክብደታቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። በ1996 ሙሉ ባክቴሪያን በዚህ መንገድ መለየት እንደሚቻል ታወቀ። ከ2009 አካባቢ ጀምሮ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው የባክቴሪያ ልየታ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ።

በዚህ መካከል አገራችን በራሷ መንገድ እየሄደች ነበር። በ1970 ከአለርት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አጠገብ በአዲስ አበባ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያና የቲቢ ባክቴሪያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ኢንስቲትዩቱም በጊዜ ሂደት ፊቱን ወደ ቲቢ መለሰ። በ1992 ታካሚው መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት እየዋጠ የሚታከምበት አሠራር በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀመረ፤ ኋላ አገሩን አዳረሰ።

በ2003 ሰሎሞን ይመር፣ ጉናር ብዩኔና ጌቱ ዓለነ በአማራ ክልል 384 አዲስ የሳንባ ቲቢ ታካሚዎችን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ሕመሙ ከጀመራችሁ ሕክምና እስክትጀምሩ ስንት ቀን ሆነ? የታካሚዎቹ መካከለኛ ቁጥር (ሚዲያን) 80 ቀን ነበር። በጊዜው የሚነገረው ሕዝቡ እንደሚዘገይ፣ ፀበል ለፀበል ሲዞር እንደሚከርም፣ ባለማወቅ ቤቱ እንደሚተኛ ነው። ቁጥሩ ግን ይህን ብቻ አይናገርም። ታካሚው መደበኛም ይሁን ባህላዊ፣ የመጀመሪያውን እርዳታ ሰጪ እስኪያይ የዘገየው 15 ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ሕክምና እስኪጀምር ደግሞ 61 ቀን አለፈ (ሁሉም መካከለኛ ቁጥሮች ስለሆኑ ተደምረው 80 አይሞሉም)። አንድ ገበሬ ከሞጣ ወይም ከደጀን ተነሥቶ እያሳለ ሁለት ወር ሲመላለስ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል፤ በዚያ ላይ «ዘግይተሃል» ይባላል።

በ2009 አካባቢ በላይ ተሰማና ባልደረቦቹ ከጎንደር፣ ከመተማ፣ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ የጤና ተቋማት የቲቢ ታካሚዎችን አክታ ሰበሰቡ። ቲቢን ማራባት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ባክቴሪያው የሚዘራው ከእንቁላልና ከግሊሰሮል በተሠራ፣ ማላካይት ግሪን በሚባል ቀለም አረንጓዴ በሆነ ምግብ ላይ ነው፤ ጠርሙሱ በጎኑ ተጋድሞ ስለሚረጋ ፊቱ ሰያፍ ይሆናል። ሌላ ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ሲበቅል የቲቢ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ቆይቶ በአረንጓዴው ላይ ፍርፋሪ የመሰለ፣ ደረቅ፣ ነጣ ያለ ቡኒ ነገር ይወጣል። ያ ነው ለምርመራ የሚሄደው።

ከደጋው የተሰበሰበው ባክቴሪያ ወደ ጀርመን፣ ወደ ላይፕዚግና ወደ ቦርስቴል ተጓዘ። በዚያ 244 ዝርያዎች በሁለት የዘር መለያ ዘዴዎች ተመረመሩ። ዘዴዎቹ በባክቴሪያው ዲኤንኤ ውስጥ የሚደጋገሙ ቁርጥራጮችን ይቆጥራሉ፤ የትኛው እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ፣ ስንት ጊዜ እንደተደገመ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። ትልቁ ድርሻ፣ 38.9 በመቶ፣ በሕንድና በመካከለኛው እስያ የሚታወቀው ወገን ሆነ። ተመራማሪዎቹን ያስደነቀው 31.6 በመቶው ነው፤ በዓለም መዝገብ ያልነበሩ አራት አዳዲስ ወገኖች ሆነው ተገኙ። ስማቸውም ከኢትዮጵያ ስም ተነሥቶ ተሰየመ። 45.1 በመቶዎቹ ደግሞ ከሌላ ታካሚ ባክቴሪያ ጋር ፍጹም አንድ ስለነበሩ በሽታው በቅርብ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ መሆኑን አመለከቱ።

በዚያው ዓመት ረቡማ ፍርዴሳና ከአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ጋር የሚሠሩ ባልደረቦቹ በአገሪቱ ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ 964 ናሙናዎችን ውጤት አወጡ። ሁለት ነገር አስረዱ። አንደኛው ስለ አንገት እጢ ቲቢ ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚታየው ይህ ሕመም ካልፈላ ወተት በሚመጣ የከብት ቲቢ የሚከሰት ይመስል ነበር። የከብቱ ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ግን የቲቢን የትውልድ ሐረግ መጽሐፍ ያስለወጠ ነው። እስከዚያ የሰው ቲቢ ስድስት ዋና ዋና የዘር ሐረጎች እንዳሉት ይታወቅ ነበር። በተለይ ከወልድያ የመጡ ናሙናዎች ከስድስቱም ጋር አልገጠሙም። መለያ ከሚሆኑት 43 የዲኤንኤ ምልክቶች ከ4ኛው እስከ 24ኛው ያሉት በሙሉ ጠፍተውባቸዋል። ሰባተኛው የዘር ሐረግ ይህ ሆነ፤ ቦታውም በጥንታዊዎቹና በዘመናዊዎቹ ሐረጎች መካከል ነው። ከአፍሪካ ቀንድና ከዚያ ከሄዱ ሰዎች ውጭ አይታይም ማለት ይቻላል። በ2016 ኤቲዮፕስ ቬተስ፣ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ፣ እንዲባል ሐሳብ ቀረበ።

ሰሎሞን ይመር በ2003 ታካሚዎች ምን ያህል እንደሚዘገዩ ጠይቆ ነበር። በ2015 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ያንን ጥያቄ ባክቴሪያው ላይ አዞረው። ከአማራ ክልል ታካሚዎች በተወሰዱ 240 ናሙናዎች ውስጥ ሰባተኛው ሐረግ 36 ጊዜ ተገኘ። እነዚህ ታካሚዎች ወደ ሕክምና የመጡት በእስያው ወገን ከተያዙት ይልቅ ዘግይተው ነው፤ የመዘግየት ዕድላቸው በስታቲስቲክስ ስሌት 4.7 እጥፍ ሆነ። በላብራቶሪ ምግብ ላይም ባክቴሪያው ከሌሎቹ ይልቅ ቀስ ብሎ በቀለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንድ ጥናት ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። ሆኖም ባክቴሪያው ቀስ ብሎ የሚራባ ከሆነ ሕመሙም ቀስ ብሎ ይብሳል፤ ሳሉ ለወራት የብርድ ይመስላል፤ ሰውየው አርሶ ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ ነገር አይኖርም። በዚያ መካከል ግን ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያስላል። «ለምን ዘገየህ?» ተብሎ የተገሠጸው ሰው የያዘው ባክቴሪያ ራሱ ዝግተኛ ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገረውም። ጥናቱ ራሱ ያሳሰበው ታካሚው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወጥቶ መፈለግንና የቤተሰቡን ምርመራ ማጠናከርን ነው፤ ከዚህ የሚሻል ምክር አላየሁም።

ቀጣዩ ጥያቄ ዝግታው ከምን መጣ የሚለው ነበር። ለዚህ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ተጠራ፤ ተራው ማልዲ ቶፍ ግን አልበቃም። የቲቢ ሐረጎች ዲኤንኤ ከ99 በመቶ በላይ አንድ ስለሆነ ያ መሣሪያ «የቲቢ ቤተሰብ ነው» ብሎ ይቆማል፤ ሰባተኛውን የኒው ዮርኩ ዝርያ ከሚመደብበት ከአራተኛው ሐረግ አይለይም። የተመረጠው ጠለቅ ያለው መንገድ ነው። የባክቴሪያው ፕሮቲን በሙሉ ወጥቶ በኢንዛይም ይቆራረጣል። ቁርጥራጩ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እየፈሰሰ በየተራ በፌን ዘዴ ይረጫል፣ ይመዘናል፣ እንደገና ተሰብሮ ስብርባሪው ይመዘናል። ኮምፒውተሩ ክብደቶቹን ከዘር መዝገቡ ጋር እያስተያየ የትኛው ፕሮቲን ምን ያህል እንዳለ ያወጣል። ጂን ማንበብ ባክቴሪያው ምን ሊሠራ እንደሚችል ይነግራል፤ ይህ ደግሞ አሁን በእርግጥ ምን እየሠራ እንዳለ።

ሥራው በኦስሎ ከቶኔ ቶንዩም ቡድን ጋር ተሠርቶ በ2017 ታተመ። ሰሎሞን ይመር፣ ዓለማየሁ ጎዳና ብርሃኑና ከአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት አብርሃም አሰፋ ከጸሐፊዎቹ መካከል ናቸው። በሰባተኛው ሐረግ 2,825፣ በአራተኛው 2,541 ፕሮቲኖች ተለዩ፤ በድምሩ 2,867። ባክቴሪያው ሊሠራቸው ይችላል ተብለው ከሚገመቱት 71 በመቶው ማለት ነው። ከእነዚህ መጠናቸው በግልጽ የተለያየው 125 ናቸው።

የ125ቱ ዝርዝር ዝግታውን የሚያስረዳ ሆኖ ተገኘ። ፎስፌት ከአካባቢው የሚይዙ ሦስት ፕሮቲኖች በሰባተኛው ሐረግ አነስ ብለዋል። ንጥረ ነገር በግድግዳው የሚያስገቡ አምስት ሌሎችም እንዲሁ። ብረት ለማግኘት የሚያገለግለው ኢኤስኤክስ 3 የሚባል ሥርዓት ስድስት ክፍሎቹ ቀንሰዋል። የሰው ሰውነት ብረትን ከባክቴሪያ ይደብቃል፤ ከጥንት ጀምሮ የሚዋጋበት አንዱ መንገድ ነው። ብረትና ፎስፌት በብዛት የማያስገባ ባክቴሪያ በፍጥነት ሊራባ አይችልም። በአማራ ክልል በጠርሙስና በታካሚ ታሪክ የታየው ነገር በሞለኪውል ሚዛን ላይ ሲደገም ማየት ለእኔ የዚህ ታሪክ ከፍታ ነው።

በዚያው ዓመት ዓለማየሁ ጎዳና ብርሃኑ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ እርምጃ ቀጠለ። ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ አሲቲል የሚባል ትንሽ ጭማሪ ሊለጠፍበት ይችላል፤ ልጣፉ ሥራውን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ማስ ስፔክትሮሜትር የክብደቱን ጭማሪ ስለሚያይ ልጣፉ የት እንዳለ ይጠቁማል። ሁለት የሰባተኛው ሐረግ ዝርያዎች ከዚያው ከ1905ቱ የኒው ዮርክ ዝርያ ጋር ተነጻጸሩ። በ953 ፕሮቲኖች ላይ 2,490 ልጣፎች ተገኙ። በሐረጎቹ መካከል ልዩነት ያሳዩት 261 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 257ቱ በሰባተኛው ሐረግ የቀነሱ ናቸው። በ2019 ደግሞ በፕሮቲኖቹ ላይ የሚለጠፉትን ስኳሮች የሚመለከት ጥናት ተከተለ።

በ2020 ከሩዋንዳና ከዩጋንዳ ከመጡ ሁለት ዝርያዎች ስምንተኛው የዘር ሐረግ ተገለጸ፤ በ2021 ከምሥራቅ አፍሪካ ዘጠነኛው። ስምንተኛው ሊገኝ የቻለው ሰዎች ከመዝገብ ጋር ያልገጠመውን ናሙና እንደ ስሕተት ቆጥረው ስላልጣሉት ነው። በ2013ቱ የጎንደር፣ የመተማ፣ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ጥናትም ከ244ቱ 9.4 በመቶ የሚሆኑት፣ 23 ያህል ዝርያዎች፣ ከታወቁትም ከአዲሶቹም ወገኖች ጋር ሳይመደቡ ቀርተዋል። ከደጋው የሚቀጥለው ባክቴሪያ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚገባ ከሆነ መጀመር ያለበት ከእነዚህ 23 ይመስለኛል።